ቆጣሪ አንባቢው ዋስ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አነበብሁ፤
ከመንደራ እስከ ቆጪ፥ ከቦሳ እስከ ጂረን፥ በር እያንኳኳሁ፥
የብረት ክዳን አንሥቼ፥ ሸረሪቱን በመዳፌ እየጠረግሁ፥
የሰዉን ጥም በሜትር ኩብ ጻፍሁ።
ቁጥሩ አይሳሳትም ይሉኛል፤
እውነት ነው፥ አይሳሳትም፤
ያን ቀን ግን አጂፕ አጠገብ፥ ሰነድ ማረጋገጫው ወንበር ላይ፥
የፈረምሁበትን ቁጥር አላነበብሁትም።

የእህቴ ልጅ ረምላ፥ የገዛሁላትን ጫማ ተጫምታ፥
ጥፍሯን ትበላለች፥ አንድም ጓጉታ አንድም ፈርታ።
አየር መንገዱ ያስተምራል፥ ያበላል፥ ያለብሳል፤
ክንፍ ያወጣውን ግን ሰባት ዓመት ያስራል።
«ከዚያ በፊት ከለቀቀች፥ ዕዳው የዋሷ ነው» ይላል አንቀጽ አሥራ አራት፤
ጸሐፊዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካችው፦ «እዚህች ጋ ፈርሙባት።»
ፈረምሁባት።
ማን እምቢ ይላል? ሠፈሩ አዋጥቶ በግ ገዝቶ፥
እናቷ ከደጅ ደጅ ትሮጣለች፥ እንባና ሳቋ ተምታቶ።

ውል የልቃቂት ጫፍ ነበር፥ ሲይዙት የሚፈታ፤
ይኸኛው ሲስቡት ይጠብቃል፥ ጠዋትም ማታ።

አሁን ምሽት ምሽት በቦዬ ረግረግ ላይ ትዞራለች፤
መብራቷ ውሃው ላይ ወድቆ፥ ጉማሬው ሳይባንን፥ ታልፋለች።
«ያችትና የኛ ልጅ» ይላል ሰዉ አንገቱን አቅንቶ፤
ማንም አላየውም የደመወዟን ወረቀት፥
ሲሶው ለሥልጠናዋ ሄዶ፥ ሲሶው ለኪራይ ወጥቶ።
አብሯት የተመረቀው ተካልኝ ለባሕረ ሰላጤ ኩባንያ ኮብልሎ፥
ዋሱ፥ አጋሮ ያሉት መምህር፥ በየወሩ ፊርማቸውን ያያሉ፥ ደመወዛቸው ጎድሎ።
«አልረግመውም» አሉኝ ባለፈው፥ ጠመኔ ከጣታቸው እያራገፉ፤
«እኔም ብሆን፥ በሩን ክፍት ባገኘው...» አልጨረሱትም፥ አለፉ።

እሷ በቀን አራቴ ታርፋለች።
አንድም ቀን አላረፈችም።

ሐሙስ ዕለት ዝናብ ይዟቸው በረራው አርባ ደቂቃ ዘገየ፤
ደወለችልኝ። ባጃጁ ጭቃውን እየሰነጠቀ አጥሩ ጋ አደረሰኝ።
የያዝሁላት ሁለት አቮካዶ በሽቦው ቀዳዳ አልሾልክ አለኝ፤
ጥበቃው አይቶ እንዳላየ ፊቱን አዞረ።
ዐይኗ ደም ለብሷል።
«ስንት ሰዓት ተኛሽ?»
«ተኝቻለሁ» አለችኝ። ቁጥር አልጠራችም።
የተሰበረ ቆጣሪ አውቃለሁ፤ ውሃው ይሄዳል፥ መዘውሩ አይዞርም።

ከዚያ እንደ ዋዛ፥ የኮቷን ቁልፍ እያሻሸች፥
«ኤሱማ» አለችኝ፥ የእናት ወንድም በሚጠራበት ወግ፥ ድምጿን ዝቅ እያደረገች፥
«ጡረታህ መቼ ነበር?»
«ገና ነው» አልኋት። እኔም ቁጥር አልጠራሁም።

አልነገርኋትም፥ ዐይኔን ሞራ እንደጋረደው፥
ሐኪሙ «ሥራ ይብቃህ» ካለኝ ሁለት ክረምት እንዳለፈው፥
«ዋሱ ደመወዝተኛ ይሁን» ስለሚል ያ ወረቀት፥
በየጠዋቱ ቦርሳዬን አንግቼ እንደምወጣ፥
ሦስትን ከስምንት ሳልለይበት።

ለምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ
አውሮፕላኗ ደመና ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

በነጋታው፥ ጂረን ዳገቱ ላይ፥ አንድ ግቢ ክዳን አነሣሁ፤
መስታወቱ ሥር ቁጥሮቹ ዓሣ ይመስል ይዋኛሉ።
«የኔ ልጅ፥ እስቲ አንብብልኝ» አልሁት የቤቱን ልጅ።
ጎንበስ ብሎ አነበበ። ጻፍሁ።
ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ፥ ጣቱን ወደ ሰማይ ሰደደ፦
«ጋሼ፥ እኔም ሳድግ አብራሪ ነኝ!»

ክዳኑን መለስሁ።
«አባትህ» አልሁት፥ «ደመወዝተኛ ነው?»