የነፋስ ሒሳብ

ፒያሳ፣ ፎቁ ላይ፣ ከጫማ ቤቱ በላይ፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፣ ጦሳን በመስኮት የሚያይ።
ቲኬት ነው ሥራዬ፤ ዱባይ አራት ሰዓት፣
ጓንዡ አሥር ተኩል፣ ስደግም እውላለሁ ከጠዋት።
እኔ ግን ራሴ፣ ሐሜት አይሁንብኝ፣
ከባቲ ወዲያ ማዶ አንድም ሰው አያውቀኝ።

ሰኞ ዕለት ገቡ እመት ዘምዘም፣ ከኮምቦልቻ የወጡ፣
በስስ የቆላ ሻሽ፣ በእኛ ብርድ እየተንቀጠቀጡ።
ወንበር ስቤ ሰጥቼ፣ «ወዴት ነው?» ብላቸው፣
«የትም» አሉ። አንዲት ቁጥር ኖሯል የጠፋቻቸው።

«ሁለት ልጆች አሉኝ። ይማም ፐርዝ ነው፣ ታላቁ፤
ሸጋው ጆሃንስበርግ። ከእኔስ እንደራቁ
አውቄዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ፤ እሱን አልጠየቅሁም።
እርስ በርሳቸው ስንት ይራራቃሉ? ይኸን ነው ያላወቅሁም።»

ያጣላቸው የአባት ቤት ነው፣ ከቦርከና ማዶ፣
ቆርቆሮው የሚንቀጠቀጥ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ወርዶ።
ይሸጥ ባይና አይሸጥ ባይ፤ አራት ዓመት ሞላቸው፣
ለኢድ እንኳን ስልክ የለም በመሃላቸው።

መብራት ሄዶ ነበር፤ በሞባይሌ ፈለግሁ።
«ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሲጠጋጋ፤
ውቅያኖስ ነው ሁሉም፤ መሃሉ ላይ አንድ ዛፍ የለም የሚያስጠጋ።»
«በሰዓትስ?»
«እንደ አቅጣጫው ነው» አልሁ። «ሸጋው ወደ ይማም ከሄደ፣
በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገባ፤ ነፋሱ ገፍቶ አወረደ።
ይማም ወደ ሸጋው ከመጣ ግን፣ ያንኑ ነፋስ በፊቱ ይዞ፣
አሥራ አንድ ይፈጃል፤ አውሮፕላኑ ይሄዳል ተክዞ።»

ዝም አሉ።
ከመስኮቱ ሥር ረዳቱ «ኮምቦልቻ! የሞላ!» ይላል፤ አልሞላም።

«እንግዲያ የእኛው መንገድ ነው» አሉኝ፣ ጉንጫቸውን ይዘው፤
«ዶሮ መዝለያን ስወርድ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነው፤
ስወጣ መኪናው ያቃስታል፣ ተሳፋሪው ያምጣል አብሮ።
ያው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ ማን ለውጦት ኖሮ!»

«ሰዓታቸውስ?» «በስድስት ይለያያል» አልሁ፤ ሳቁ፤
«እንደ እኛና እንደ ፈረንጅ ሰዓት! ታዲያ ምን ተራራቁ?»
(እውነት ነው፤ በስንት ቲኬት ላይ በእስክሪብቶ ጽፌያለሁ፣
«በእኛ ሌሊት ስድስት» እያልሁ፣ ሰው እንዳይቀር እየሰጋሁ።)

ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው ብር ሊሰጡኝ ነበር፤
እምቢ አልሁ፤ ቁጥር አይሸጥም በእኛ ሰፈር።
በወረቀት ጻፍሁላቸው፣ ዘጠኝ ተኩልና አሥራ አንድ፤
«ይማም ነው የበደለ» አሉ፣ «እሱ ይምጣ በከባዱ መንገድ።
ግን ታላቅ ነው፤ ግትር ነው፤ አባቱን ነው የወጣ።
ነፋሱ የዞረ ቀን ደውልልኝ፤ ያኔ ምናልባት ቢመጣ።»

ሚኒባሱ ቁልቁል ሄደ፤ ጭጋጉ ዋጠው ከነጥሩምባው።

ስልካቸው ከጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር ነው፣ ከነስማቸው፤
እዚያ ላይ ያለው ነፋስ እንደማይዞር አልነገርኋቸው።