የበጋ ጃንጥላ

በሊዝበን ሐምሌ ደመና የለውም።
እኔ ግን ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣
የአባቴን፣ ጥቁሩን፣ ባለ ብረት ጫፉን።
አቢልዮ ከመስኮቱ፦ «ዜፈሪና፣ ሊዘንብ ነው እንዴ?»
«ማን ያውቃል» አልኩት፣
ክብደቴን ሁሉ እጀታው ላይ ጥዬ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ደረጃ
ደብዳቤ አመላልሻለሁ።
መቶ አሥራ ስድስቱን እርከን ጉልበቴ በቃሉ ያውቀዋል፤
የትኛው ደጅ ውሻ እንዳለው፣
ማን የልጁን ፖስታ ቆሞ እንደሚጠብቅ።
አሁን ካንሰሩ
አድራሻ ሳይጠይቅ ገብቶ ዳሌዬ ላይ ተቀምጧል።

ከዘራው ከበሩ ኋላ ቆሟል፣
ሆስፒታል የሰጠኝ፣ ላስቲኩ ያልተላጠ።
በወጣሁ በገባሁ ቁጥር
«ተቀባይ አልተገኘም» ብዬ አልፈዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ጃንጥላው ከዳኝ።
አርባኛው እርከን ላይ ጫፉ ተንሸራቶ
ሽቦው ተገለበጠ፣ እኔም አብሬው።
አቢልዮ በነጠላ ጫማ ወረደ፣
አጠገቤ ተቀመጠ፣ ክንዴን አልጎተተም።
«ይኸው ዘነበ» አለኝ።
ሳቅኩ፤ ወይስ አለቀስኩ፣
ጉንጬ ብቻ ረጥቦ ነበር።

ማታ ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት።
ሳልዘራ ከዘራ ደረሰኝ፤
ይሁን፣ ተቀብያለሁ፣
ፊርማ ካስፈለገ፣ የመዳፌ ላብ እጀታው ላይ አለ።

አሁን ድንጋዩን ኳ፣ ኳ እያደረግሁ እወጣለሁ።
የሦስተኛው ደጅ ውሻ
እንደ ቦርሳዬ ዘመን ከሩቅ ሰምቶ ይጮኻል።
የበሩ ባለቤት ብቅ ብላ
እጄን ታያለች፤ ከልማድ ነው።
ባዶ ነው እንዳልላት ባዶ አይደለም።
ሃያኛው ላይ እመለሳለሁ።
ሐሙስ ተሽከርካሪ ወንበር ያመጡልሻል ተብያለሁ።
ለእሱ ገና
አልፈረምኩም።