ወደ ላኪው ተመላሽ

ሠላሳ አምስት ክረምት በረዶ ሲረግጥ፣
ከራሄ ደጃፎች አንዱም ሳያመልጥ፣
ታውኖ ፖስተኛው
ለሰው ሁሉ አደለ የየራሱን ዕጣ፦
ሒሳብ ለሚፈራ ሒሳቡን ይዞ መጣ፣
የሠርግ ጥሪ፣ መርዶ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣
አንዳንዱም አድራሻው በዝናብ ተነክሮ።

ጠላቱ አንድ ነበር፤ ከአጥር ሥር ያደባል፤
ግራ ባቱ ላይ ዛሬም የአራት ጥርስ ጽሕፈት ይነበባል።
ስለዚህ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር
ቡችላ አስከትሎ በጠረፉ ሲዞር
መንደሩ ተሳሳቀ።

ሩሲና ይላታል፤ በአገሩ ቋንቋ ዘቢብ ማለት ነው፤
ጥቁር ናት፣ ጨምዳዳ፣ አንዱ ጆሮ ቆሞ አንዱ የተኛው።

ችግሯ መሄድ አይደለም።
ቀዩን የጎማ ቀለበት ሲወረውርላት
እንደ ጥይት ተስባ ከአየር ላይ ትቀልባለች፤
ከዚያማ
ሐምሳ እርምጃ ርቃ ዞር ብላ ታያለች፣
ጅራቷን ነቅንቃ «ና ውሰድ» ትላለች።
ሲጠጋት ትርቃለች፣ ሲቆም ትቆማለች።
ይሮጣል ታውኖ በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣
በአሸዋው፣ በድንጋዩ፣ ቋ! እያለ ጉልበቱ።
«አምጪ!» ይላል። «ስጪኝ!» ይላል። «እባክሽ!» ይላል በመጨረሻ፤
እሷ ምን ገዷት! እሱ ራሱ ሆኗል የእሷ መጫወቻ።

«እንዲህ ያለ ፖስተኛ» አለ ለራሱ፣
«እሽጉን ተቀብሎ ማድረስ የሚረሳ፣
በኔ ጊዜ ቢሆን ከሥራ ይነሳ!»

ሄልካ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ያልሞላት፣
በተገለበጠ ጀልባ ላይ ጨዋማ ጥቁር ከረሜላ እየላሰች፦
«ታውኖ፣ አታባርራት፤
አንተ ስትሮጥ እኮ ጨዋታ መሰላት።
ጀርባህን ስጣትና ወደ ቤትህ ሂድ።»
«ወደ ቤት?»
«አዎና። ቆሞ ከሚለምን ይሻላል የሚሄድ።
ኪስህ ውስጥ ደግሞ ሌላ ይኑርህ፣ ሰማያዊ ይሁን፤
እሱን ስታይ ትለቃለች ቀዩን።
ስትለቅልህ ደግሞ ደብቀህ አትጥፋባት፤
ወዲያው ወርውርላት፤
መስጠት ማለት ማለቅ ነው ብላ እንዳትፈራ።»
ምላሷ በከረሜላው ጠቁሯል፤ ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ኮራ።

የመጀመሪያው ቀን ቀለበቱን ከባሕር ሣር ሥር ቀበረች።
በሦስተኛው ቀን ግማሽ መንገድ መጥታ፣ ጥላው ጮኸች።
(«አድራሻ የተሳሳተ» አለ፤ ሄዶ አነሳው።)
በሰባተኛው ቀን በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ፤
ሰማያዊውን ባሕር ወሰደው።

በዐሥረኛው ቀን ደከመው።
ምክሩም ትዝ አላለው፤ ጉልበቱን ስላመመው
ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
ብረት የጫነች መርከብ ከወደቡ ስትወጣ
ነፋሱ ኮፍያውን ገለጠ።
ረጅም ጊዜ ምንም።

ከዚያ ጫማው ላይ አንድ ነገር ጠብ።
ቀይ። እርጥብ።
በአሸዋና በምራቅ የተለወሰ።
ዞሮ አላያትም፤ ትንፋሿ ግን ክርኑ ላይ ደረሰ።
አነሳ። ወረወረ። አመጣች።
ወረወረ።
አመጣች።

«ወደ ላኪው ተመላሽ»፦ ያን ማኅተም ሲመታ
ሞት ነበረ ያኔ፣ ወይ የተዘጋ በር፣ ወይ የጠፋ ቦታ፤
ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚመለሰው።
አሁን ግን ሳቀ፣ ብቻውን፣ እስኪያስለው።

ትናንት ደግሞ ያልወረወረውን አመጣች፦
የልጅ ጓንት፣ አረንጓዴ፣ አውራ ጣቱ የተተረተረ።
ተቀበላት። አራገፈው። ከምድጃው አጠገብ ሲደርቅ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ኮቱን ቆልፎ በዚያው በድሮው መንገድ ወጣ፣
በር በበር፣ እሷም ከጎኑ፣
«ይቅርታ፣ የናንተ ነው?» እያለ።
በአራተኛው ቤት አጥር ሥር አንድ ውሻ ጮኸባቸው።
ሩሲና አልመለሰችም፤
አፏ ውስጥ የሚደርስ እሽግ ነበረ።