ሁለት ቀለበት

ገላን፣ ከሚዛኑ ማዶ፣ ተሳቢ መኪኖች ከሚያድሩበት፣
ስድስት የቆርቆሮ ክፍል፣ ስድስት መጋረጃ ባለበት፣
ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ገና ፊታችንን ሳንታጠብ፣
እታፈራሁ መጣች፣ ካርቶኗን በማዳበሪያ ጠቅልላ ከዝናብ።

ድሮ ከኛው ነበረች፤ ሦስተኛዋ ክፍል የሷ ነበረች፤
ዛሬ ባጅ አንጠልጥላ "አቻ ለአቻ አስተማሪ" ተብላለች።
ስትገባ ግን ጎንበስ አለች፣ የበሩን ማጠር አልረሳችም፤
ጄሪካን ገልብጣ ተቀመጠች፣ ወንበር እስክናመጣ አልጠበቀችም።

"ይሄ የሴት ነው" አለች።
አንዷ ሳቀች። ሌላዋም ሳቀች።
"ይሄ ሁሉ? የጤፍ ጆንያ ነው እንዴ!"
"ሰውዬው ገብቶ ቢጠፋብኝስ፣ በራዲዮ ላስነግር ነው?"

እሷ አልሳቀችም። ትንሿን ቀለበት እንደ ስምንት ቁጥር ጨምቃ፣
"ይቺ ወደ ውስጥ ትገባለች" አለች፣ አየር ላይ አሳይታ፣ ለቅቃ፤
"ትልቋ ውጭ ትቀራለች፣ እንደ በር ዘበኛ።
ገና ቀን ሳለ ታደርጊዋለሽ፣ ሳይመጣ ደንበኛ።
እሱ ፈቀደ አልፈቀደ፣ ሰከረ አልሰከረ፣
ጉዳዩ ካንቺ ጋር አደረ።"

"እሱ ፈቀደ" ስትል ዝም አልን ሁላችን።
ስንቴ ለምነናል በገዛ አልጋችን፤
"ሦስት መቶ ልጨምር፣ ያለሱ" ሲለን፣
የኪራዩን ቀን በጣት ቆጥረን፣
ስንቴ ዓይናችንን ጨፈንን።

ጉድለቱንም አልደበቀችም፦ "ድምፅ አለው፣ ይንኮሻኮሻል፤
መጀመሪያ ሰሞን ያዳልጣል፣ ከእጅሽ ያመልጣል።
ከወንዱ ጋር አንድ ላይ አይሆንም፣ ይቀዳደዳሉ።
አንዴ ነው። አይታጠብም። አጥበን እንደግመው የሚሉ አሉ።"

ሸጊቱ፣ የአምስተኛዋ ክፍል፣ ከሁላችን ቀድማ እጇን ዘረጋች፤
በሦስተኛው ቀን ላስቲኩን በምላጭ ቆርጣ ጥላ መጣች።
ትልቁን ቀለበት አንጓዋ ላይ አጥልቃ "አምባር!" አለች፤
"የሚያጠልቅልኝ ሲጠፋ፣ ራሴው አጠለቅሁ" ብላ ሳቀች።

እኔ ግን በሬን ቀርቅሬ፣ አንድ እግሬን ጄሪካን ላይ ሰቅዬ፣
ሁለቴ አመለጠኝ።
በሦስተኛው፣ ስለ ገላዬ የማላውቀውን አወቅሁ፦
እዚያ አጥንት አለ፤ ከአጥንቱ ኋላ ደግሞ ቦታ።
ስንቱ እንግዳ የተመላለሰበትን ቤት
ባለቤቲቱ ዛሬ ገና ገባሁበት።

ሐምሌ ነበር። የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ሸሚዙ ላብ ደርቆበት ጨው ያወጣ፣
"ያለ ላስቲክ" አለኝ ቀበቶውን ሳይፈታ፤ ብሩን ትራሱ ላይ አወጣ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ቢንኮሻኮሽስ፣ ማን ይሰማዋል?
"እሺ" አልኩት።
አንድ "እሺ" አፍ ውስጥ እንዲህም ይጣፍጣል?
ሦስት መቶውንም ተቀበልኩ። ፈጣሪ ይቅር ይለኛል፣
ካላለኝም እንተዛዘባለን።

መስከረም ሲጠባ ጤና ጣቢያው "አልቋል" አለ፤ "የወንዱ ሞልቷል፣ ውሰጂ።"
እታፈራሁ ባዶ ካርቶኗን እያጣጠፈች "ደብዳቤ ተጽፏል" አለች፤
ዓይኗን ግን ከመጋረጃው አላነሳችም።
ደብዳቤ የት እንደሚያድር ሦስተኛዋ ክፍል ሳለች ተምራለች።

ሁለት ቀርተውኝ ነበር፣ ከአልጋዬ ሥር፣ በወተት ቆርቆሮ።
ትናንት ሲመሽ ሸጊቱ አንኳኳች። አምባሯ አሁንም አንጓዋ ላይ አለ።
"አንድ ስጪኝ" አለች።
ዓይኔ ወደ እጇ ሲሄድ አየችው፤
"ዛሬስ ለእጅ አይደለም።"

ሰጠኋት።

ውጭ የተሳቢ ፍሬን ተነፈሰ። ጭቃው ላይ ጫማ ተራመደ።
በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆርቆሮውን ከፍቼ ቆጠርኩ፣
እንደሚቆጠር ያህል።