ግማሽ አምፔር

ቅዳሜ ሠርግ አለን። ሙደሲር ሱቅ ገባሁ፣
ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፤ አምፕሊፋየር አየሁ።
«ሺህ ዋት» ይላል ፊቱ፣ ወርቃማ ወረቀት፤
«ስታዲየም ይሞላል» አለኝ በኩራት።

በአንድ እጄ አነሳሁት።
ሺህ ዋት፣ በአንድ እጅ?
የሽንኩርት ፌስታል እንኳ ከዚህ ይከብደኛል።

ጋሽ ኢተፋን ጠራሁ፣ ሬዲዮ ጠጋኙን፣
አቧራ ለምዶበት ዓይኑን አጥባቢውን።
ፊቱን አላየውም፤ አዞረው በጀርባ፣
ከጉንዳን ባነሰ ጽሑፍ ዓይኑ ገባ።
«ፊት ለፊቱ ለገዢ፣
ጀርባው ለመብራት ኃይል» አለኝ።

ፊውዟን ነቀላት፣ ወደ ብርሃን ያዛት፤
«ግማሽ አምፔር ናት፤ በሁለት መቶ ሃያ አባዛት።
ገሚሱ ሙቀት ነው።
መቶ አሥር የጠጣ
ሺህ ከየት ሊያመጣ?»

ሙደሲር ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ሃምሳ ብዬ ብጽፍ
ማን ዞር ብሎ ሊያየኝ? ሰው ሁሉ ሊያልፍ!»

በበሩ በኩል፣ ከከተማው ማዶ
የንፋስ ተርባይኖቹ ኮረብታው ላይ ይዞራሉ፤
አንዱም ክንፍ ላይ ቁጥር አልተጻፈም።

ቤዜን ሰካሁ። ወፍራሟን ክር መታሁ።
ሳጥኑ ተንተባተበ፤ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ።
ያኔ ከጣሪያው ቆርቆሮ አንዲት የላላች ሚስማር
ዝዝዝ... አለች።
ጋሽ ኢተፋ ጆሮውን ወደ እሷ ጥሎ፣
«ሃምሳ ዋት» አለ። «ሃምሳው ግን የራሱ ነው።»

በሃምሳ ዋት ዋጋ፣ ተከራክሬ ገዛሁ።

ሳጥኑን ታቅፌ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ዞር ብዬ አየሁት፦
ሙደሲር በጥፍሩ ወርቁን ቀስ አርጎ ላጠና
ሌላ ሳጥን ላይ ለጠፈው እንደገና።