ጠራ

ሐምሌ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ፣
ቀሃ ድንጋይ ሲያንከባልል፣ በደለል ተወጥሮ፣
እኔ ስድስት ብልቃጥ፣ አንድ መዝገብ ይዤ፣
ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ዳገቱን ተጉዤ፣
ስለ ጥም አይደለም፣ ስለ ሥጋት ሳስብ፣
እዞራለሁ ጎንደርን፣ ክፉውን ስመዘግብ።

"ምንድን ነው ሥራሽ?" ይሉኛል።
"ክፉ ቀን በየት በር፣ በየት ስንጥቅ እንደሚገባ
ቀድሞ መገመት ነው" እላለሁ።
"ታዲያ ሟርተኛ ነሻ!" ብለው ይስቃሉ።

ሐሰት አይደለም። መዝገቤን የገለጠ
ሟርት ነው የሚያነበው፦

የግድቡ አጥር ሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ከብት ይገባል።
የላይኛው ጋን ክዳን ተሰንጥቋል፤ እርግብ ታድርበታለች።
ከምንጩ በላይ ሦስት አዲስ ሽንት ቤት፤
ባለቤቶቹ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሻይ ጋብዘውኛል።
ጠጣሁ፤ ሻይ ፈልቷል።
ቦዩን የሚያቋርጠው ቱቦ ዝጓል፤ መብራት ሲጠፋ፣
ፓምፑ ዝም ሲል፣ ግፊቱ ሲወርድ፣
ባፈሰሰበት ቀዳዳ መልሶ ይምጋል።

በየሥጋቱ ትይዩ ደግሞ የሰው ስም አለ።
ስም የሌለው ሥጋት የማንም አይደለም፤
የማንም ያልሆነ ነገር በመጨረሻ የሁሉም ለቅሶ ነው።
ለአጥሩ ጓንጉል። ለቱቦው እኔ።
ለክዳኑ አዛናው፣ ዘወትር ሰኞ።

ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ከሳሙና በር በታች፣
ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቦኖውን ከፍተው
ባልዲና ጄሪካን ያሰልፋሉ።
"ተመስገን ነው ልጄ" አሉኝ፣
"ትናንት ቡላ ነበር፤ ዛሬ ውሃው ጠራ!"

ብልቃጤን ሞላሁ። ክኒኗን ጣልሁባት።
ሟሟች። ሮዝ መሆን ነበረባት።
ቆጠርሁ እስከ ስልሳ፤ ደግሜ ቆጠርሁ፤
ወደ ፀሐይ አነሣሁ፤ ዐይኔን ጠረጠርሁ፤
ጥርት እንዳለ ቆመ፣ እንደ ተወለወለ መስታወት፣
አንዲት ጠብታ መድኃኒት የሌለበት።

ጠራ! እንዴት ያለ ቃል ነው፣ ሰሙም ወርቁም ውሃ፤
ማንን ነው የጠራው ድምፁ ሳይሰማ?
ከቦዩ ሥር ማንን፣ ከጉድጓዱ ማንን፣
በየትኛው ቤት በር፣ ለየትኛው ልጅ ነው የጠራብን?
ድፍርሱንስ እንሸሻለን፣ ዐይናችን ይነግረናል፤
የጠራው ግን፣ እያሳሳቀ፣ ይወስደናል።

ደወልሁ። አዛናው መጣ፤ መዘውሩን አዞረ።
ሁለት ቀን ሙሉ ሰፈሩ ደረቀ፣
ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ዝናብ ጠበቀ፣
ቦቴው እስኪመጣ በስሜ ተሳለቀ።
አንዱ "ደሞዝሽ ጥማችን ነው" አለኝ።
አንዲት ነፍሰ ጡር ምንም ሳትል አየችኝ፤
የባሰው እሱ ነበር።

ቆፈርን። ከቦዩ ሥር፣ ከመጋጠሚያው ላይ፣
አንዲት ቀዳዳ።
ሙሉ ሰፈር ለቅሶ የሚያስቀምጥ በር
ሽምብራ ያህላል።
ቱቦውን ለወጥነው፣ አጠብነው፣ መድኃኒት ሰደድንበት።
በሦስተኛው ቀን ክኒኗን ጣልሁ፤
እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆነ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አሸተቱት።
"መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤
የዚያን ቀኑ ይሻል ነበር፣ የጠራው።
ደግሞስ ምን ደረሰ? ማን ታመመ? ማንም!
በከንቱ አስጠማሽን።"

ምን ልበላቸው?
ካልታመመ ልጅ ቤት ሄዶ
"እንኳን ተረፈ" የሚል እንግዳ የለም።
ያልተቆፈረ መቃብር ምልክት የለውም።
እርሳሴን ሞርጄ "ምን ደረሰ?" በሚለው ዓምድ ሥር፣
እጄ የቻለውን ያህል አሳምሬ፣
ጻፍሁ፦ ምንም።

ሌሊት ደግሞ ዘነበ።
የጋኑ ክዳን ገና አልተለወጠም፤
እርግቧ ጭራሮ ስታመላልስ አይቻታለሁ።
ነገ ሰኞ ነው።
ለአዛናው ደወልሁ።