ሦስት በርሜል ውሃ

ቢሽኬክ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ቡሩልቻ ቆጣሪ ታነባለች፣ ሰባት ሕንፃ ወጥታ፣ ሰባት ሕንፃ ገብታ።
የሰው ፊት ትረሳለች፤ ቁጥር ግን መች ትረሳ፤
ማን ልጁ እንደታመመ፣ ማን ሌሊት እንደተነሳ፣
ማን ከሚስቱ ተኳርፎ ሳሎን እንደሚያድር፣
ቆጣሪው ሹክ ይላታል፣ አንድም ሳያስቀር።

ዘንድሮ በረዶው ቀደመ፤ ሐይቁ ግን ጎደለ።
ወረቀት ተለጠፈ፣ በየደረጃው ላይ፤
«አንድ አምፖል አጥፉ» የሚል፣ ከሥሩ ሕፃን፣ ከላዩ ፀሐይ።

ሁለት ቁጥር ሕንፃ፣ አራተኛው ፎቅ፣ አሳንኩል ይኖራሉ፤
በጉብዝና ዘመን ናሪን ወንዝ ላይ፣ ገደል ተንጠልጥለው ኮንክሪት የሞሉ።
ወረቀቱን ያነበቡ ዕለት አጠፉ፣ ያለቻቸውን አንዲት አምፖል፤
ከዚያ ወዲህ ሻይ የሚጠጡት
በረዶው ከደጅ በሚልከው ብርሃን ነው፣ ካልጣለም በዳሰሳ።

ቡሩልቻ ቆጣሪውን አየች፤ ሊቆም ደርሷል።
እየፈራች አንኳኳች፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ሞት ሆኖ ያውቃል።
«ግቢ» አሏት ከውስጥ። «ጫማሽን አታውልቂ፤
ወለሉ ይበርዳል። ወንበሩን በእጅሽ ጠይቂ።»

«አባባ፣ አንዲት አምፖል እኮ ናት!»
ሳቁባት በጨለማ፣ ጥርስ በሌለው ሳቅ።
«ያንን ግንብ ማን ሠራውና! ቁመቱን አውቃለሁ፤
ስንት ውሃ ወድቆ ስንት እንደሚያበራ አስልቼዋለሁ።
ባለ አርባ ዋቷ አምፖል፣ ከመሸ እስክተኛ፣
ሦስት በርሜል ከሐይቁ ትጨልጣለች፣ እንደ ዳገት መንገደኛ።
ሦስት በርሜል አዝዬ ልውጣ ብል ጉልበቴ እምቢ ይላል፤
ጣቴ ማብሪያውን ሲጫን ግን ክብደቱን ማን ያያል?
ይኸው ስልሳ ሌሊት።
ውሃው ከፍ አለ ይባላል?»

ዝም አለች። አንድ ቁጥር ጉሮሮዋ ላይ ነበረ።

አምስት ቁጥር ሕንፃ፣ ምድር ቤቱ፣ የድሮው ዳቦ መጋገሪያ፣
ሁለት መቶ ማሽን ያጉረመርምበታል፤ ማር የማያውቅ የንብ ማደሪያ።
ሌት ተቀን ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ቁጥሩ ገንዘብ ነው አሏት፤
«የት ያለ ገንዘብ?» ብትል፣ ዘበኛው ትከሻውን ሰበቀላት።
በሩ ላይ በረዶ አይቆምም፣ ከሙቀቱ የተነሳ፤
የሰፈሩ ድመት ሁሉ እዚያ ይተኛል፣ እግር ሲረግጠው እንኳ ሳይነሳ።
ወረቀት አልተለጠፈበትም። ሂሳቡን በወቅቱ የሚከፍል ደንበኛ ነው።

አንድ ሌሊት፣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣
የማሽኖቹን አንድ ሰዓት በሽማግሌው ምሽት መነዘረችው።
ስምንት ዓመት።
አሳንኩል ስምንት ዓመት በጨለማ ቢቀመጡ፣
እነሱ በአንድ ሰዓት፣ ሳይተነፍሱ፣ ጠጡ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲሉን፣
አንበሳው ምድር ቤት መተኛቱን ማን ነገረን?

«ኧረ እንጃ፣ አንድ ጣት ያህል ሳይጨምር አልቀረም» አለቻቸው።
ዋሸች። ሌላ ምን ትበል?

በወሩ ስትመለስ ቆጣሪው ጨርሶ ቆሟል።
ማቀዝቀዣውን ነቅለውታል፤ ወተቱ መስኮት ላይ ሆኖ ግግር ሠርቷል።
«ሁለተኛውን ጣት እንጨምራለን!» አሏት፣ በካፖርት ተጀቡነው፤
ዜሮ ጻፈች። እጇ ዜሮውን መዝጋት አቃተው።

ስትወርድ ወረቀቱን ከግድግዳው ላጠችው፤
አምስት ቁጥር ወስዳ፣ ዳቦ መጋገሪያው በር ላይ፣ በምራቋ ለጠፈችው።

በነጋታው መሬት ወድቋል፣ ከሙቀቱ ላልቶ፤
አንዲት ግራጫ ድመት ተኝታበታለች፣
ሕፃኑን በሆዷ፣ ፀሐይዋን በጅራቷ ሸፍና።